ነጭ ምልክት ያላቸው ፍየሎች

ኦብሴ በግራ እጇ የፍየሏን አገጭ ቀና አድርጋ ይዛ፣ በቀኝ አውራ ጣቷ ጢሟን ጠረገች። ቡናማ ብናኝ ነበር፤ ፋጉሎ። ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ አበሰችና ቀና ብላ አየች። ዶክተር እስከዳር ጀርባዋን ሰጥታ ሚዛኑን በማንጎው ቅርንጫፍ ላይ እያንጠለጠለች ነው። አላየችም።

«ባለተራዋ ትምጣ!» አለች ዶክተር ሳትዞር።

ኦብሴና ጓደኛዋ ኢቲዳል ከጆንያ የተሰፋውን ማንገቻ በፍየሏ ሆድ ሥር አሳልፈው መንጠቆው ላይ ሰቀሏት። ፍየሏ አራት እግሯን አንጠልጥላ በቅያሜ ተመለከተቻቸው። ጆሮዋ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ምልክት አለ።

ነጭ ምልክት ያላቸው ፍየሎች ተጨማሪ መኖ አያገኙም። ቢጫ ምልክት ላላቸው ግን ጠዋትና ማታ የደረቀ የቀርከሃ ቅጠልና ከኑግ ዘይት ጭማቂ የተረፈ ፋጉሎ ተቀላቅሎ ይሰጣቸዋል። ቀን ቀን ሁሉም አብረው ይሰማራሉ፤ ማታ በኢቲዳል ቤት በረት ያድራሉ። የዶክተር እስከዳር ጥናት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። በበጋ ሣሩ ሁሉ ሲደርቅ፣ በአሶሳ ዙሪያ እንደ ልብ የሚገኘው ቀርከሃ ፍየል ያሰባል ወይ? መልሱ የሚገኘው ቢጫዎቹን ከነጮቹ ጋር በማወዳደር ስለሆነ ነጮቹ ፋጉሎ መቅመስ የለባቸውም።

ታዲያ በባለ ነጭ ምልክቷ ፍየል ጢም ላይ ፋጉሎ ምን ይሠራል?

የመጨረሻዋ ፍየል ወርዳ ስትሮጥ ዶክተር እስከዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ይገርማል። ነጮቹም እኮ ወፍረዋል።»

«ሣር አግኝተው ይሆናላ» አለች ኢቲዳል ፈጠን ብላ።

«በመጋቢት? የት ነው ያ ሣር? እኔም ልሂድና ልጋጥ» ብላ ሳቀች ዶክተር። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ቢጫዎቹ የጠበቅኩትን ያህል አልጨመሩም። ሁለቱም እኩል ከሄዱ መኖው አልሠራም ማለት ነው። ካልሠራ ደግሞ አልሠራም ተብሎ ይጻፋል። ሥራችን እሱ ነው።»

ሚዛኑን ወደ ከረጢቱ ከመክተቷ በፊት መንጠቆውን ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደጋግማ ወለወለችው። ከዚያ ሞተር ሳይክሏን አስነስታ ሄደች።

ዶክተር እስከዳር ወጣት ናት። «አንቺ በሉኝ» ብላቸዋለች። ኢቲዳል ወዲያው ለምዳለች፤ ኦብሴ ግን እስካሁን አፏ እምቢ ይላታል። የመጣች ዕለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ቆማ «ፌሎሺፕ» የሚባለውን ነገር ያስረዳችበት መንገድ ከኦብሴ ጭንቅላት አልወጣም። «አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ጥያቄያችሁን ከወደዱት፣ መልሱን እስክታገኙ ድረስ ቀለባችሁን ይችሉላችኋል» ነበር ያለችው። እሷ ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል፤ የተሳካላት በሦስተኛው ነው። ጥያቄውን ያገኘችው መንጌ ወረዳ ከብት ስትከትብ በነበረ ጊዜ ነው። ገበሬዎቹ በየበጋው «መድኃኒቱስ እሺ፣ ምን እናብላቸው?» ይሏት ነበር፤ መልስ አልነበራትም።

ኦብሴ እስከዚያ ቀን ድረስ የእንስሳት ሐኪም ማለት መርፌ የሚወጋ ሰው ብቻ ይመስላት ነበር። መኖ የሚያጠና፣ ዝርያ የሚያሻሽል፣ የደም ጠብታ ውስጥ በሽታ የሚፈልግ ሰው እንዳለ አታውቅም ነበር። አሁን ታውቃለች። የክፍሏ ልጆች «የፍየል ነርስ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ አባቷም «ዶክተር ከሆንሽ አይቀር የሰው ሁኚ» ይሏታል። እሷ ግን የምትፈልገውን ለይታለች። በክረምት ዶክተር እስከዳር በየበረቱ ከሚረዷት ተማሪዎች መካከል አንዷን መርጣ ከተመራማሪዎች ጋር ላቦራቶሪ ታስገባለች። አንዷን ብቻ። ኦብሴ ያቺ አንዷ መሆን ትፈልጋለች።

የሞተሩ ድምፅ ሲርቅ ወደ ኢቲዳል ዞረች።

«ኢቱ፣ ጢሟ ላይ ፋጉሎ ነበር።»

«የማን ጢም?»

«የነጯ።»

«ቢጫዋ ተሻሽታባት ይሆናላ። ፍየሎች አይደሉ እንዴ? ይሳሳማሉ።»

«ማታ ማታ ነጮቹን ከቤት ጀርባ አስራቸዋለሁ አላልሽኝም?»

«አስራቸዋለሁ፣ ወላ…»

ኢቲዳል ቆመች። ቀልደኛ ናት፤ ለአስተማሪም ለጓደኛም ትንንሽ ውሸት አይቸግራትም። ወላሂ ብላ ግን ዋሽታ አታውቅም። ቃሉን ዋጥ አድርጋ መሬት መሬት አየች።

«መጀመሪያ አስሬያቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጮኹ። አንቺ የጠዋት ተረኛ ነሽ፤ ጠዋት ገና እንቅልፋቸው አልለቀቃቸውም፣ ዝም ይላሉ። ማታ ግን ሕፃን ልጅ ነው የሚመስሉት። ከዚያ እማ ወጣች።»

የኢቲዳል እናት ሐዋ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዛ ወደ በረቱ እየመጣች ነበር። የቤታቸው ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛዋን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ባልዲውን አስቀመጠችና ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ምንድነው ሹክሹክታ?»

ኢቲዳል ነገረቻት። ሐዋ ምንም አልደነገጠችም።

«እኔ ነው ያዘዝኩት» አለች። «አንዱ ይበላል፣ አንዱ ያያል። ይሄ ሐራም ነው። በእኔ ግቢ፣ ሰው ይሁን ፍየል ይሁን፣ አንዱ እያየ አንዱ አይበላም።»

«ጥናት ነው እኮ፣ እማ ሐዋ» አለች ኦብሴ።

«ዶክተር ጥሩ ልጅ ነው። ግን ዶክተር ማታ እዚህ አያድርም። ጩኸቱን የሚሰማው እኔ ነኝ።»

«ከቢጫዎቹ ድርሻ ነው የተቀነሰው።»

«አካፈልን። ማካፈል መጥፎ ነው?»

ሐዋ ባልዲዋን አንስታ ወደ ፍየሎቹ ገባች፤ ቢጫውንም ነጩንም ጭንቅላቱን እያሻሸች ውኃ ቀዳችላቸው።

ኢቲዳል እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘቻት። መንገዱ ዳር የወደቁ ጥሬ ማንጎዎች አሉ፤ ኢቲዳል አንዱን በእግሯ እየገፋች ትሄዳለች።

«ዝም በይ በቃ» አለቻት። «ማን ያውቃል? ፍየሎቹ አይናገሩም። ክረምት ትሄጃለሽ፣ አለቀ።»

«መኖው አልሠራም ተብሎ ሊጻፍ ነው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ በያት! ማታ የኔ ተራ ነው። ያንቺ ጠዋት ንጹሕ ነው። እኔ ላቦራቶሪ አልፈልግ፤ ደም ሳይ ይዞርብኛል። ምን ይቀርብኛል?» ማንጎውን ራቅ አድርጋ ለጋችው። «የምሬን ነው፣ ኦብሴ። እኔ ላይ ጣይው።»

የምሯን እንደሆነ ኦብሴ አውቃለች። ያስቸገራትም እሱ ነው። ኢቲዳል የምትለው ትክክል ይመስላል። ማታ የሠራችው ኢቲዳል፣ ያዘዘችው እናቷ። ይህን ብቻ ብትናገር ሐሰት የለበትም። ወደ ቤት ስትሄድ ነገሩን ደጋግማ በልቧ ተናገረችው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ያለ ችግር ይወጣላታል። ብቻ አውራ ጣቷ ይመጣባታል። ጢሙን እንድትጠርግ ማንም አላዘዛትም፤ ኢቲዳልም እናቷም በዚያ ሰዓት ምንም አላሏትም። አይታ፣ ገብቷት፣ ራሷ ጠረገችው።

ደግሞ የመንጌ ገበሬዎች አሉ። «ቀርከሃ ተሞክሮ አልሠራም» ቢባሉ ማን ዳግመኛ ይሞክራል?

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። የዶክተር እስከዳር ክፍል ጠባብ ናት፤ ጥግ ላይ በደረቅ ቅጠል የተሞሉ ማዳበሪያዎች ተደርድረው ክፍሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል።

«ኦብሴ! ምነው ብቻሽን?»

ኦብሴ ሳትቀመጥ ጀመረች። «ነጮቹ ማታ ማታ ፋጉሎ ሲበሉ ነበር። ተካፍለው ነው የበሉት። እኔ ደግሞ ትናንት የአንዷ ነጭ ጢም ላይ አይቼ እርስዎ ሳያዩ ጠረግኩት።»

ዶክተር እስከዳር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚበሉት?»

«ኢቲዳል ከመጀመሪያው ሳምንት ነው ትላለች። እናቷ አንዱ እያየ አንዱ አይበላም ብለው ነው። ሲጮኹ አላስችል ብሏቸው ነው።»

ውጭ የሆነ ሰው ሞተር ሳይክል ያስነሳል፣ ይጠፋበታል፣ ደግሞ ያስነሳል። ዶክተር በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ኦብሴ ልታለቅስ ነው ብላ ደነገጠች፤ እጇን ስታነሳ ግን ፊቷ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ በራሱ ላይ ሊስቅ የቃጣው ሰው ፊት።

«ሁለቱንም አንድ በረት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «ይህን ጥናት ስንት ጊዜ ጽፌ ስንት ጊዜ ሰርዣለሁ። ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ሁሉም አስቤያለሁ። ፍየል ሲጮኽ የሚሰማው ሰው እንዳለ ግን አላሰብኩም።»

«ኢቲዳልን አይቆጧትም?»

«አልቆጣትም። ግን የእናንተን በረት ከጥናቱ አወጣለሁ። ለምን እንዳወጣሁትም ገንዘቡን ለሰጡኝ ሰዎች እጽፍላቸዋለሁ። የሌሎቹ በረቶች ይቀሩኛል፤ ፍየሎቹ ስላነሱ መልሱ ትንሽ ይደክማል እንጂ አይሞትም።» ትንሽ ቆይታ ቀጠለች። «የክረምቱን የላቦራቶሪ ቦታ ደግሞ ለቀነኒ ነው የምሰጠው። የእሷ በረት ንጹሕ ነው። ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«እሺ» አለች ኦብሴ። ቀነኒ በባምባሲ መንገድ ያለውን በረት የያዘች ጎበዝ ልጅ ናት፤ የምትጠላት ልጅ ብትሆን ይሻል ነበር።

«ባትመጪ ኖሮ አልሠራም ብዬ ልጽፍ ነበር» አለች ዶክተር። «ከታተመ በኋላ መመለሻም የለው። አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ጠዋት መነሳቱ ይቅርብሽ። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ምልክቶቹን ከጆሯቸው አወልቃለሁ።»

ኦብሴ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ዶክተር… በሚቀጥለው በጋ ይኖራሉ?»

«አለሁ። ሁለት በጋ ነው የፈቀዱልኝ።»

«ነጮቹ ባያዩ…» አለች ኦብሴ። «ማለቴ፣ በመካከላቸው ግድግዳ ቢኖር፣ እማ ሐዋም እሺ ይሉ ይሆናል። ቢጫዎቹ ሲበሉ ነጮቹ ካላዩ አይጮኹ ይሆናል።»

«ይሆናል። ግን ግድግዳ የምሠራበት ብር የለኝም፤ ሰውም የለኝም።»

ኦብሴ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ኢቲዳል ፊቷን ሳትታጠብ በሩን ከፈተች። ኦብሴ ትከሻዋ ላይ ረጃጅም ቀርከሃ ተሸክማ ቆማለች።

«አንቺ! ተባረን የለም እንዴ?»

«ከጥናቱ ነው የወጣነው እንጂ ከግቢው አይደለም። ያዢልኝ።»

«ክረምቱ ለቀነኒ ሆኗል አላልሽኝም? ታዲያ ይሄ ለማን ነው?»

«ለሚቀጥለው በጋ። ዶክተር ከሰዓት ሲመጡ ግድግዳው ቆሞ ይዩት። ያዢልኝ አልኩሽ፣ ትከሻዬ ወለቀ!»

ሐዋ መጀመሪያ ተቃወመች፤ በረቱ ይጠባል አለች። ቀጥሎ ሁለቱ ልጆች ቀርከሃውን የሚሰነጥቁበት መንገድ አናደዳትና ቢላዋውን ከኦብሴ እጅ ቀምታ ራሷ ሰነጠቀችላቸው። ፀሐይዋ ከረር ስትል ግድግዳው በረቱን ለሁለት ከፍሎ ቆመ። ሐዋ ነጮቹ የሚሆኑበት በኩል ገብታ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በፍየል ቁመት ልክ ቁጢጥ አለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በቀርከሃው መካከል አጮለቀች።

«ይታያል» አለች።

ኦብሴ ሌላ ስንጥቅ ጨመረች።

«አሁንስ?»

«ይታያል። ትንሽ።»

አንድ ጨመረች።

«አሁን አይታይም።»

«ሽታውስ፣ እማ?» አለች ኢቲዳል። «ፋጉሎው ይሸታቸዋል እኮ።»

ሐዋ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «ሽታ ከአላህ ነው» አለች። «እኔ የማውቀው ማየትን ነው።»

ኢቲዳል በሳቅ ፍርስ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ግድግዳው አልተነቃነቀም። ኦብሴም ሳቀች። ከታችኛው ጥግ አንድ ቋጠሮ ይቀራል። ተንበርክካ ገመዱን ሁለቴ አዙራ አጠበቀችው፤ የተረፈውን ጫፍ በቢላዋው ቆረጠችና ቢላዋውን በግድግዳው አናት ላይ አጋድማ አስቀመጠችው።