የታማዮ ጥቁር ነጥብ

በኦታሩ ወደብ የኦኩሙራ ፎቶ ቤት ያልዳራት ሴት የለችም። አማላጆች ከቤት ቤት ይዘውት የሚዞሩት የልጃገረድ ፎቶ ሁሉ እዚያ ይነሣል፤ እዚያው ይታደሳል። አንዷ የገዛ ፎቶዋን አይታ «ይቺ ማን ናት?» ብላ በቅናት ሰባት ቀን ተኛች ይባላል። እኔ የሰማሁት አምስት ቀን ነው።

ይህን ተአምር የሚሠራው ረዳቱ ዮሺሃሩ ነበር። እንደ መርፌ የሾለ እርሳስ ይዞ ፎቶው የሚታተምበት ኔጌቲቭ ላይ ይጎነበሳል፤ ጠባሳ ያጠፋል፣ ጉንጭ ይሞላል።

ታማዮ ከእናቷ ጋር የመጣችው በረዶ ደጁን በዘጋበት ሰሞን ነው። ከግራ ዓይኗ ሥር ጥቁር ነጥብ አላት። እዚያ ቦታ ነጥብ ያላት ሴት ዕድሜዋን ስታለቅስ ትኖራለች ይላሉ፤ አማቶችም ይሸሿታል።

«ይቺን አጥፋልን፣ ልጄ» አሉ እናትየው። «አባቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ሳይሞቱ ድረው ሊያዩዋት ነው።»

ዮሺሃሩ እሺ አለ። አላጠፋውም።

ፎቶው ከተላከበት የወንድ ቤት በሳምንቱ ተመለሰ። «ልጅዎ ለእኛ ትበዛለች» የሚል መልእክት ነበረው፤ እንዲህ ከተባለ ነገሩ አልቋል።

ታማዮ ብቻዋን መጣች። «ለምን ተውከው?»

«ቻርሚንግ ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ያኔ ይህች «ያምራል» እንደ ማለት የሆነች የፈረንጅ ቃል ከፊልም ማስታወቂያ ወርዳ ከተማውን ሞልታው ነበር። ለዘፋኝም፣ ለዓሣ ሻጯም ትባላለች። የውሰት ቃል ስለሆነች አፍ አታቃጥልም፤ የተናገራትንም ማንም በቃልህ ቁም አይለውም።

«ትናንት የጎረቤቱን ውሻም እንደዚያ ስትለው ሰምቻለሁ።»

«ውሻው ነጥብ የለውም።»

ልትስቅ ነበር፤ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። «በራሳችን ቋንቋ በለኝ፣ ዮሺሃሩ። አንዴ ብቻ። ካልከኝ ሌላ እንዳይፈልጉልኝ ለአባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ተንሸራተተ። ዮሺሃሩ የጌታውን ሩዝ የሚበላ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። ቃሉን ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኗ ዓይኑ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ደከመ።

«በጣም ቻርሚንግ ነሽ» አለ።

ታማዮ ሻርፗን ጠመጠመች። «እንግዲያው አጥፋው።»

ለአንድ ነጥብ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ እሱ ሦስት ቀን ፈጀ። በዕድሜው እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራም። ከአሳሂካዋ አንድ የእንጨት ነጋዴ ቤተሰብ ፎቶውን አይቶ በዚያው ቀን እሺ አለ፤ በመተያያውም ዕለት እናትየው ነጥቡን በመኳኳያ ዱቄት ሸፈኑት። አባትየው ሠርጉን ተኝተው አዩ፤ በአሥረኛው ቀን ሞቱ።

የሙሽሮቹ ባቡር በተነሣ ጠዋት ዮሺሃሩ ጨለማው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ያንን ቃል በራሱ ቋንቋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረው። ምላሱ አልተያዘም።

«ማንን ነው የምታነጋግረው?» አሉ ኦኩሙራ ከውጭ።

«ማንንም፣ ጌታዬ።»