ከማቲዎስ እጅ የተወሰደ ናሙና

ጊፍቲ ማቲዎስን ያወቀችው በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ የካ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። እሷ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ እሱ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ። የደም ናሙና ሲያመጣ ሰጥቶ አይሄድም፤ በሩን ተደግፎ ስለ ሕፃናቱ ያወራታል። ይሄ ዛሬ ጡት ጀመረ፣ ያቺ ዓይኗን ገለጠች ይላታል። ጊፍቲ የወደደችው ያን ጊዜ ነው፤ ግን አልነገረችውም።

በዚያው ሰሞን ሕፃናቱ በተከታታይ ይታመሙ ጀመር። የያዛቸው ባክቴሪያ የተሰጣቸውን አንቲባዮቲክ ሁሉ የሚቋቋም ሆነ። ሦስቱ ሞቱ። ሁሉም በማቲዎስ ተራ ነው የታመሙት ተብሎ ሹክሹክታ ሲነሣ፣ ማቲዎስ ላቦራቶሪ መጥቶ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ከእኔም ውሰጂ» አላት።

የናሙናውን ጥጥ መዳፉ ላይ ስታሽከረክር ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

ከሕፃናቱ፣ ከሠራተኞቹ እጅና ከክፍሉ ዕቃዎች የተገኘው ባክቴሪያ ጂኖሙ እንዲነበብ ውጭ አገር ተላከ። ጂኖም እንደ ዘር ሐረግ ነው፤ የትኛው ባክቴሪያ ከየትኛው እንደተወለደ ይናገራል። ውጤቱ እስኪመጣ ማቲዎስ ፈቃድ ወስዶ እንጦጦ እናቱ ቤት ገባ። ስልኩንም ዘጋ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ጊፍቲ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ወጣች። ግማሹን ብቻ ብትነግረው ይቀል ነበር።

ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ አገኘችው።

«እጅህ ላይ ተገኝቷል» አለችው። ፊቱ ሲገረጣ እያየች ቀጠለች። «የሌሎች አራት ሰዎች እጅ ላይም አለ። ሁሉም የተወለደው ግን ከእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ነው። አንተንም ያገኘህ ስትታጠብ ነው።»

ማቲዎስ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ስለ ሦስቱ ሕፃናት አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጠች።

«የእጄን ነገር ልትደብቂኝ ትችይ ነበር» አላት በመጨረሻ።

«እችል ነበር። ግን እንደምወድህ ስነግርህ በምን ታምነኛለህ?»

እናቱ ወይዘሮ አሳየች ብቅ ብለው እንግዳዋ ማን እንደሆነች ሲጠይቁት፣ ዓይኑን ከጊፍቲ ሳይነቅል፣

«የማትዋሸኝ ናት፣ እማዬ» አለ።

መታጠቢያው ከነቧንቧው ተነቅሎ ወጣ። ማቲዎስ ሥራ ከመመለሱ በፊት ሁለቱ አብረው የሞቱትን የሦስቱን ሕፃናት እናቶች ቤት እየዞሩ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። አንዷ በር ዘጋችባቸው። አንዷ አመሰገነች። ሦስተኛዋ ምንም አላለችም።

በጥር ሲጋቡ ያቺ ዝም ያለችው ሴት ሳትጠራ መጣች። ሁለቱንም ጉንጫቸውን ስማ፣ ከሰው ጀርባ ቁጭ አለች።