የአራጌ ማተብ

ወዳጆቼ፣ ወንዝ ሞልቶባችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ቦታ ተዘግታችሁ ታውቃላችሁ? የቆቦ ሰዎች ይገባችኋል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ከዚያ ደራሹ ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣና መንገዱን ቆርጦት ያርፋል። እስኪጎድል መጠበቅ ነው እንግዲህ። የማወራችሁ እንደዚያ ተዘግተው ስለዋሉ ሰዎች ነው፤ መሀላቸው ደግሞ ሬሳ ነበር። እግዜር ነፍሱን ይማረው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ተራራው ገባ ብሎ ከወንዝ ማዶ አንድ ጠበል አለ። ከኋላው ገደል ነው፣ ከፊቱ ወንዝ። ብዙው ጠበልተኛ ጾሙ ሲፈታ ወደየቤቱ ሄዶ አንድ ቤተሰብና ጥቂት ወንዶች ብቻ ቀርተዋል። ጠዋት አጥማቂው አባ ዘካሪያስ ሊያጠምቁ ሲወርዱ፣ አራጌ የሚባለውን ጎልማሳ ከድንጋዩ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተንጋሎ፣ ልብሱ ርሶ፣ ሞቶ አገኙት። ወዲያው ለፖሊስ ተደወለ።

ከቆቦ ኢንስፔክተር ሰይዳ ኮንስታብል ውዱን ይዛ በፒካፕ መጣች። ሰይዳ ቀጭን፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ ሴት ናት። መኪናው ወንዙን ተሻግሮ ገና ሳይቆም ጎርፉ ከኋላቸው ደረሰ።

ውዱ ዞር ብሎ አየና «በቃ፣ እኛም ጠበልተኛ ሆንን» አለ።

«አንተስ ብትጠመቅ አይከፋም» አለችው።

አባ ዘካሪያስ ጫማ ማውለቅ እንዳለባት ሊነግሯት ሲሉ አውልቃ በእጇ ይዛለች። እስላም ብትሆንም ያደገችው ወሎ ነው፤ የጎረቤቷን ደጅ ታውቃለች።

ሬሳው አጠገብ ብዙ ቆየች። አራጌ የኋላ ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ የገንዳው ጠርዝ ላይም ደም አለ። ፊቱ ላይ፣ እጁ ላይ የድብድብ ምልክት የለም። ማተቡ አንገቱ ላይ በደንብ ታስሯል፤ ክሩ ያረጀ፣ ጥቁረቱ የለቀቀ ነው። ከማተቡ ዝቅ ብሎ ግን ቆዳው ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። ሰይዳ ክሩን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ ከዚያ ጣቷን አሸተተች።

ጠበልተኞቹ ገዳዩን ይዘናል ብለው ጠብቀዋታል። ነርስ ገዛኸኝን ግራር ላይ በገመድ ጠፍረው አስረውታል። ገዛኸኝ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ የአራጌን እህት ታንጉትን ሊያይ መጥቶ ትናንት ጎርፍ ያዘውና እዚያው አደረ። ታንጉት አእምሮዋን የታመመች ወጣት ናት። አራጌ ኪኒኗን አስቁሞ ጠበል ካመጣት ወራት አልፈዋል፤ ቤተሰቡ የሚያድርበት ዳስ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት የታሰረችውም በእሱ ነው። ማታ ገዛኸኝ ሰው ሁሉ እየሰማ «እህትህ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው አንተ ነህ» ብሎት ነበር። ሲነጋጋ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ አይተውታል።

«ፊቴን ልታጠብ ወንዝ ነው የወረድኩት» አለ ገዛኸኝ፤ ከንፈሩ ደርቋል። «ከሰው ጋር ስለተጨቃጨቅሁ ገዳይ ነኝ? እንደዚያማ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሙሉ ገዳይ ነው።»

ሰይዳ ገመዱን አስፈታችውና ፒካፑ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ውዱን በሩ ላይ አቆመችው። ጠበልተኞቹ አጉረመረሙ። አንዱማ ወንዙ ሳይጎድል ፍርዱን እዚሁ እንስጠው ብሎ ነበር። ሰይዳ ሰውዬውን አየችው፣ እሱም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ግን ሁሉም የሚሄድበት የለም፤ ገደሉና ወንዙ መሀል እየተያዩ መቀመጥ ነው። ገዛኸኝ እስከ ማታ በደህና ይውላል ብሎ መማል አይቻልም ነበር።

ሌላዋ እንግዳ ራሔል ናት፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር። ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ምን እንደሚገጥመው፣ ሥራው ምን እንደሚሆን፣ እምነቱ ምን እንደሚያደርግለት፣ ከራሱ ከሰውዬው አፍ ልስማ ብላ ነው ከገዛኸኝ ጋር የመጣችው። ሰይዳ ማን ምን እንደነገራት ስትጠይቃት አንገቷን ደፋች።

«ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ ኢንስፔክተር።»

«ለሞተውም?»

ራሔል ወንዙን አየች። ከዚያ፣ ገዛኸኝን የሚያድነው ከሆነ የአራጌን ብቻ እነግርሻለሁ አለች። የሌላውን ግን አልተነፈሰችም፤ ሰይዳም አልተጫነቻትም።

አራጌ ድሮ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ይሄድ ነበር። አንዴ እሱ በሌለበት ታንጉት አስፋልት ላይ ወጥታ ከመኪና ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ርቆ መሄድ ተወና ቆቦ አካባቢ ሽንኩርት ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። መድኃኒት ለመውሰድ ወር በወር ሥራ መቅረት አለበት፤ ደርሶም መድኃኒቱ የለም የሚባልበት ጊዜ አለ። «ሐኪሙ ቀጠሮ ይሰጠኛል፣ አሠሪዬ ግን አይሰጠኝም» ብሏት ነበር። መጨረሻ ላይ ተሳለ፤ እስከ መስቀል ጠበል ብቻ፣ ኪኒን የለም፣ ሰንሰለቱም አይፈታም ብሎ።

«ክፉ ሰው አልነበረም» አለች ራሔል። «ሲያወራኝ እንኳን የሰንሰለቱን ጓጉንቸር ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ነው። ማተቡ ላይ ነው ያንጠለጠለው።»

«ማተቡን አይተሽዋል?»

«አዲስ ጥቁር ክር ነው። ስለቱን ሲሳል ያሰረው ነው አለኝ።»

ሬሳው ላይ ቁልፍ የለም። ውዱ ገንዳውን ሁሉ ዳበሰ፣ የለም። ሌላ ቁልፍም የለም።

ሰይዳ ወደ ዳሱ ወጣች። የሟቹ እናት እማማ ሙሉ በነጠላቸው ተሸፋፍነው ታንጉት አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የታንጉት ፀጉር ለጠበሉ ተላጭቷል። ቁርጭምጭሚቷ ሰንሰለቱ በልቶት በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሰይዳም መሬት ላይ ተቀመጠችና የእናትየው ልቅሶ እስኪበርድ ጠበቀች።

ታንጉት «ወንዙ ጎደለ?» አለቻት።

«ገና ነው።»

«ቁልፍ አለሽ?»

«የለኝም። እየፈለግሁት ነው።»

እማማ ሙሉ ታንጉት ኪኒኗን ስትወስድ እንዴት እንደነበረች አወሩ። ሽንኩርት ገበያ ታወጣ ነበር፤ ትስቅ ነበር፤ ስታመሽ ነው የሚቆጧት የነበረው። አራጌንም አልወቀሱም። ደክሞት ነው፣ ልጄ ብቻውን ተሸክሞን ደክሞት ነው አሉ።

«አሁን ምን ይፈልጋሉ፣ እማማ?» አለች ሰይዳ።

«እንድትፈታ።»

አባ ዘካሪያስን መጨረሻ ላይ ነው ያናገረቻቸው። ኪኒኑን የከለከሉት እሳቸው እንደሆኑ ጠበልተኞቹ ያወሩ ነበርና፣ ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«እኔ ተዉ አላልኩም። ጠበል ከኪኒን ጋር አይጣላም ብዬ ነግሬዋለሁ። ስለቱ ግን የእሱና የእግዜር ነው፤ መሀል መግባት ፈራሁ። ምነው ባልፈራሁ።»

«ለእናቱ መርዶውን የነገሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከገንዳው ቀጥታ ወደ ዳሱ ወጣሁ። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ ተከናንባ፣ ታንጉትን አቅፋ ተቀምጣለች። አንጀቴን በላችው። እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ።»

«ነጠላውን እንደዚያ ያደረጉት ከነገሯቸው በኋላ ነው ወይስ...»

«ኧረ የለም። እንደተቀመጠች ተነሥታ ተከተለችኝ።» ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። «ልጄ፣ ምን አስበሽ ነው?»

«አባ፣ ሰዉን ይሰብስቡልኝ። ዳሱ ጋ ይሁን፤ ታንጉት መምጣት አትችልም።»

ተሰበሰቡ። ውዱ ገዛኸኝን አመጣው። ጎርፉ ይጮሃል፤ ሰይዳ ግን ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አራጌን ሊገድለው የመጣ ሰው የለም» አለች። «የመጣው ሰው ቁልፉን ፈልጎ ነው። ቁልፉ ማተቡ ላይ ነበር። ያ ሰው ሲስበው ክሩ ተበጠሰ፤ አንገቱ ላይ መስመሩ አለ። አራጌ ወደ ኋላ አለ፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው፤ ጭንቅላቱ ጠርዙን መታው፣ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ያ ሰው ከውሃው ጎትቶ አወጣው። የሚጠላው ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር።»

«ታዲያ ይኼ ነርስ ማታ የዛተበትስ?» አለ አንዱ ጠበልተኛ።

«እሱን ልነግርህ ነው። ክሩ ከተበጠሰ ታዲያ ሬሳው አንገት ላይ ያለው ማተብ ከየት መጣ? የአራጌ ማተብ አዲስ ነበር፤ ይኼኛው አሮጌ ነው። አንድ ሰው የራሱን ፈቶ አሰረለት። ማተብ የለውም ተብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳይመለስ፣ እንደ ክርስቲያን እንዲቀበር። ገዛኸኝ ማተቡ አንገቱ ላይ ነው፤ እዩት። ደግሞ ያ ክር ቅቤ ጠጥቷል፣ ከራሰው ልብስ ጋር ውሎ እንኳን አልለቀቀም። ዓመት ሙሉ ፀጉሯን የምትቀባ ሴት አንገት ላይ የኖረ ነው። እዚህ ያሉት ሴቶች ሦስት ናቸው። ራሔል ቅቤ አትቀባም፤ ያሰረችውም የብር ሰንሰለት ነው። ታንጉት ፀጉር የላትም፤ ከምሰሶዋም አልተነሣችም።»

ማንም ሦስተኛዋን ዞር ብሎ ለማየት አልደፈረም።

«እኔ መጀመሪያ አላመንኩም» አለች ሰይዳ። «ያሳመነኝ ነጠላው ነው። ሰው ጠዋት ለጠበል ሲወርድ ነጠላውን መስቀለኛ ይለብሳል። ጥለቱን ወደ ላይ የሚያደርገው ለቅሶ ሲኖረው ነው። አባ መርዶውን ሊነግሩ ሲደርሱ፣ ለሐዘን ለብሰው ነው ያገኟቸው። መርዶውን ገና ሳይሰሙ።» ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች። «እማማ፣ አንገትዎን ይግለጡ አልልዎትም።»

እማማ ሙሉ ራሳቸው ነጠላውን ዝቅ አደረጉት። አንገታቸው ባዶ ነበር፤ ክሩ የኖረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ልጄን ያለ ማተብ አፈር አላለብሰውም» አሉ። «ቁልፉን ስጠኝ፣ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ብዬ ለመንኩት። እማዬ ስለቴን አታስፈርሺኝ አለኝ። ያዝኩት። ልጥለው አልነበረም። ጎትቼ ሳወጣው ትንፋሽ የለውም።»

«ቁልፉን ይዘው ለምን አልፈቷትም?» አለች ሰይዳ።

«ብፈታት እሷ ገደለችው ይሉ ነበር። የታመመ ሰውን ማን ያምናል? ባልፈታትም ይኸው እንደታሰረች ናት። ብናገር እኔን ትወስዱኛላችሁ፣ እሷ ከማን ጋር ትቀራለች? ወንዙ ይጉደል፣ ጤና ጣቢያ ላድርሳት፣ ከዚያ እናገራለሁ ብዬ ነበር።» ወደ ገዛኸኝ ዞሩ። «አንተን ሲያስሩህ አይቼ ዝም አልኩ። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ገዛኸኝ ገመዱ የበላውን እጁን እያሻሸ ቆየ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቁልፉን ስጡኝ።»

እማማ ሙሉ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አወጡት። የተበጠሰው አዲስ ክር ቁልፉ ላይ እንዳለ ነው። ገዛኸኝ ተንበርክኮ ጓጉንቸሩን ከፈተ። ታንጉት ትሮጣለች ብለው ወንዶቹ መንገድ ዘግተው ነበር፤ እሷ ግን እግሯን ሰብስባ እናቷ ጭን ላይ ተኛች። ከጠበልተኞቹ መሀል ገዛኸኝን በገመድ ያሰሩት ሁለቱ ወንዶች ወደ ገደሉ ዞረው ቆሙ።

ወንዙ የጎደለው ወደ ማታ ገደማ ነው። ሬሳውን በአቡጀዴ ጠቅልለው ከኋላ ጫኑት፤ አባ ዘካሪያስ አጠገቡ ተቀምጠው ዳዊት እየደገሙ ሄዱ። ውዱ ካቴናውን አውጥቶ ሰይዳን አያት፤ ሰይዳ ራሷን ነቀነቀችና መልሶ ኪሱ ከተተው። ቆቦ ሲገቡ ውዱ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሊታጠፍ ሲል፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አለችው። ገዛኸኝና ራሔል ታንጉትን ደግፈው አወረዷት። በሩ ጋ ስትደርስ እጃቸውን ለቅቃ፣ እያነከሰች፣ በራሷ እግር ገባች። እማማ ሙሉ ከመኪናው መስኮት በሩ እስኪዘጋ ድረስ አዩአት፤ ከዚያ «በሉ እንሂድ» አሉ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስትጸልዩ አራጌን፣ እናቱንና እህቱን፣ ሦስቱንም ሳትለዩ አንሱልኝ።