ልጅ ከሆነ ግብር የለውም

አቶ ወርቅአገኘሁ ረቡዕ ጠዋት በሽመና ክፍላቸው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የከሰል ማንደጃ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ በብርድ ምክንያት ከሰል አስገብቶ የሞተው ስንቱ ነው! ጎረቤቱም «አይ ከሰል!» ብሎ አለቀሰ። ኢንስፔክተር ቦሰና ግን የበሩን ሥር አየች። የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ተወትፎበት ነበር፤ ያውም ከውጭ። ባናው የልጃቸው የናዝራዊት ነው።

ሬሳውን ያገኘው ተከራዩ ፍቃዱ፣ «ባናውን ስቤ ነው የገባሁት። ኧረ በእመቤቴ፣ እሷ ይህን አታደርግም!» አለ።

ናዝራዊት ፊቷ አብጧል። «ማክሰኞ ግቢ ውስጥ አስጥቼው ነበር።»

«አባትሽ ቤቱን ለባየው ሊሰጡት እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለቻት ቦሰና።

«አዎ። የአጎቴ ልጅ ቢሆንም አባዬ ነው ያሳደገው። ለልጅ ሲሰጥ ደግሞ ግብር የለውም ብሎኛል።»

ባየው አንገቱን ደፍቶ ገባ። «ከእሑድ ጀምሮ ሱፍ ልገዛ መዘዞ ነበርኩ። ዛሬ ነው የተረዳሁት።»

«በስልክስ አላወራችሁም?»

«እሱ መች ስልክ ይይዛል!»

«ናዝራዊት በቤቱ ቀንታ ይሆን?»

«ምን ጎድሎባት! ለእሷ በነጻ ነው። የወንድም ልጅ ተብዬ ግብር የተጫነው በእኔ ነው!»

ቦሰና ቃሉን ጻፈች።

ሐሙስ፣ ከቀብር መልስ፣ ሦስቱንም ሽመና ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የግብር ሠራተኛው ቴዎፍሎስም አብሯት ነበር።

«አቶ ቴዎፍሎስ፣ ለወንድም ልጅ ግብር አለው ብለው ለሟች የነገሯቸው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ፣ ቢሮ ልንዘጋ ስንል። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ናዝራዊት እስከ ትናንት ግብር የለም ብላ ነው የምታምነው። ባየው ግን መዘዞ ነበርኩ እያለ ግብር እንዳለው ያውቃል። ከማን? ማክሰኞ ማታ ከሟቹ አፍ ነው እንጂ! ከዚያ የተሰጣውን ባና አንስተህ በሩን ወተፍክ። ገዳይ አይወርስም፤ እሷ ከታሰረች ቤቱ ላንተ ነው።»

ባየው ወደ ናዝራዊት ዞረ። «ልጄ ሲለኝ ኖሮ፣ ‹ልጅ አይደለህም አሉኝ› አለኝ! ቤቱን ለእሷ ሊያዞረው መስሎኝ ሳላስጨርሰው ወጣሁ...»

ቴዎፍሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ለልጅዎ ያዙሩት ብያቸው ነበር። ‹ባየውም ልጄ ነው። የሽመና ዕቃዬን ሸጬም ቢሆን ግብሩን እከፍላለሁ› ብለውኝ ሄዱ። ለዓርብ ተቀጣጥረን ነበር።»

ናዝራዊት ባየውን አየችው። «ትንሽ ቆመህ ብትሰማው ምን ነበረበት?» አለችው።