ሲጠራ አታንሺው

«ዛሬ ለምን አራቴ ደረስሽ?»

ምስጢር ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች። አያቷ እማማ ወርቅዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሿን ስልክ የታመመ ጫጩት ይመስል በሁለት መዳፋቸው አቅፈዋታል።

«ምን አልሽ እማማዬ?»

«ጠዋት አንዴ ጠራሽ፤ ደረሰችልኝ ብዬ ተመስገን አልኩ። ቀትር ላይ ደግሞ እንደገና ጠራሽ። ጠርተሽ ጠርተሽ ቆምሽ። ትንሽ ቆይተሽ ደገምሽ። አሁንም ሠለስሽ። ሰው አንድ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ይደርሳል? አስወጥተውሽ ነው? ወይስ ያ ሆድሽ ተነሳብሽ? እኔ እዚህ ስቃጠል ዋልኩ።»

ምስጢር የደወለችው ጠዋት ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ፣ በጓደኛዋ በቲና ስልክ።

«አላነሳሽውም?»

«እንዴት ብዬ! አታንሺው ብለሽኝ የለም እንዴ? ይኸው፣ ካርዱን አላስነካሁትም።» እማማ ወርቅዬ ስልኩን ዘረጉላት። በጭንቀታቸው መሀል እንኳ ትእዛዝ በማክበራቸው ኮራ ብለዋል።

ስልኩን ገዝቶ ያመጣው እንግዳ የሚባለው የምስጢር አባት ነው። እንግዳ ተሳቢ መኪና ይነዳል። ጂቡቲ ደርሶ እስኪመለስ ቤት ውስጥ የሚቀሩት እናቱና ልጁ ብቻ ናቸው፤ የምስጢር እናት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጇ አፏን ሳትፈታ ነው ያረፈችው። እና ባለፈው ሊነሳ ሲል ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ባለ በተን ስልክ ይዞ መጣና ካርቶኑን ለምስጢር ሰጣት።

«አስተካክይላት፣ አስተምሪያት። መንገድ ላይ ሆኜ ድምፅዋን ልስማ» አላት።

ምስጢርም አስተካከለችው። ሲም ካርዱን አስገባች፣ ባትሪውን ገጥማ ክዳኑን ዘጋች፣ ቋንቋውን አማርኛ አደረገችው። ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር ሞላችው። አለዚያ አያቷ «ለስልኩ ሲነጋ ለእኔ እንዴት ይመሻል?» ብለው መድረሻ ያሳጧታል። ጥሪውንም እስከ ጥግ አስጮኸችው። እማማ ወርቅዬ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥረዋል፤ ቁጥርም አይጠፋቸውም። ግን ቁልፉን መጫን ይፈራሉ።

«ጠበቅ አድርጌ ብነካው ይፈነዳል?»

«ኧረ አይፈነዳም! አረንጓዴው ያነሳል፣ ቀዩ ይዘጋል። በቃ።»

«በቃ ትለኛለች! ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁልፍ ለምን ተደረደረ?»

ያን ቀን ሁለቱም ሳቁ።

ነገር የመጣው ከጠዋቱ ሚስኮል ጋር ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ እማማ ወርቅዬን እንቅልፍ ይነሳቸዋል። መንገዱ መቼ የሚታመን ሆኖ! አንዱ ወገን ተቆፍሯል፣ በሌላው ወገን ሲኖትራክ ይበራል። ስለዚህ ምስጢር ስትደርስ አንዴ አስጠርታ ልትዘጋ ተስማሙ። ትምህርት ቤት ስልክ መያዝ ክልክል ቢሆንም ቲና ካልሲዋ ውስጥ ሸጉጣ ታስገባለች። ግን እማማ ወርቅዬ ስልኩ ገና «ቂ» ሲል ያነሱታል። አንድ ቀን ቲና ለቀልድ ብላ ድምፁን ላውድ አደረገችው፣ ያውም በተማሪ በተሞላ ክፍል ውስጥ።

«ሀሎ! ሀሎ! ምስጢሬ! ደረስሽልኝ? ሹራብሽን ደረብሽ? ሆድ ቁርጠቱስ ተወሽ? ያ ነገር መጣ ወይስ ገና ነው?»

ቴዎ የሚባለው ልጅ ቀኑን ሙሉ ድምፁን አቅጥኖ «ያ ነገር መጣ ወይስ ገና ነው?» እያለ ሙድ ያዘባት። የሒሳብ መምህሩ «መልሱ መጣላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምስጢር ዴስኩ ስር ብትገባ በወደደች።

«አቦ አታካብጂ፣ አያትሽ እኮ ታስቃለች» አለቻት ቲና።

«አንቺን ቢሆን ታይው ነበር።»

የዚያን ዕለት ማታ ነው እንግዲህ፣ ልጅ ነችና፣ ራት እየበሉ እንደ ቀላል ነገር ያነሳችው።

«እማማዬ፣ ከእንግዲህ ስልኩ ሲጠራ አታንሺው። ካነሳሽው ያንቺን ካርድ ይበላዋል።»

«የደወለው ሌላ፣ የሚበላው የኔን?»

«አዎ፣ ያነሳውን ሰው ነው የሚቆርጠው። ቀን ቀን የሚደውለው እኔ ነኝ። ጠርቶ ካቆመ ደርሻለሁ ማለት ነው፤ ዝም በይው። አባዬን ማታ ማታ ደውል ብዬዋለሁ። ያንን እኔ አነሳልሻለሁ።»

ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ምንም አልከበዳት። እማማ ወርቅዬ ግን ካርዱን የሞላው ልጃቸው መሆኑን፣ እሱም የሚሞላው ስንት ሌሊት መሪ ላይ አድሮ እንደሆነ አሰቡ። ተነሡና ከመድኃኒታቸው ፌስታል ውስጥ ፕላስተር አውጥተው ቆረጡ፤ አረንጓዴውን ቁልፍ አሸጉት።

«እጄ ቀብጦ እንዳይነካው» አሉ።

አሁን ምስጢር ስልኩን ተቀብላ አየችው። ያልተነሡ ጥሪዎች። የጠዋቱን የቲናን ቁጥር ታውቀዋለች። ከቀትር በኋላ የመጡት ሦስቱ ግን ከማታውቀው ቁጥር ናቸው፤ ሦስቱም ከአንድ ቁጥር።

አባቷ ትናንት ማታ አልደወለም። ኔትዎርክ የሌለበት በረሃ ገብቶ ይሆናል ብለው ነበር የተኙት።

«ማን ነው?» አሉ እማማ ወርቅዬ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ምስጢር ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችውና ቁጥሩ ላይ ደወለች። ስልኩ ድምፁ እስከ ጥግ ስለተከፈተ ጥሪው ቤቱን ሞላው። አንድ ጎልማሳ ሰው አነሣ፤ ከኋላው የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ሀሎ፣ ከዚህ ቁጥር ተደውሎልን ነበር» አለች ምስጢር።

«አዲስ አበባ ነው? የሹፌሩ ቤት? የእንግዳ?»

«አዎ! ልጁ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተነሣ! እኔ አብዶ እባላለሁ፣ ከሚሌ ወዲህ መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። አባትሽ ቀትር ላይ ደጄ አቁሞ ወረደ። ትኩሳቱ እሳት ነው፤ መቆም አቅቶታል። የሱ ስልክ ተዘግቷል፣ የኔን ሰጠሁት። በቃሌ የማውቀው የእናቴን ቁጥር ብቻ ነው አለኝ። ደወለ፣ አይነሣም። ደገመ፣ አይነሣም። ሦስተኛውን እኔው ነኝ የደወልኩት፤ እሱ አልቻለም።»

እማማ ወርቅዬ ከአልጋው ተነሥተው ስልኩ አጠገብ መጥተዋል።

«አሁን የት ነው?» አለች ምስጢር። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ሐኪም ቤት ይዘውት ሄዱ። የሚያልፍ ፒካፕ ለምነን ጫንነው፤ ወደ ሰመራ ነው የሄዱት።»

«የትኛው ሐኪም ቤት?»

«ወላሂ እህቴ፣ አላወቅኩም። የሰዎቹንም ስልክ አልያዝኩም፣ ተደናግጠን ነበር። መኪናው እዚህ ደጄ ነው፣ ማንም አይነካባችሁም።» አብዶ ቀጠለና «እናትየዋስ ደህና ናቸው?» አለ። «እሱ እኮ ለራሱ አልነበረም የደነገጠው። ‹እናቴ አንድ ነገር ሆናለች፣ እሷ ስልክ ሲጠራ ዝም አትልም› እያለ ነው የጫንነው።»

ምስጢር ያመሰገነችው ይሁን ያላመሰገነችው ትዝ አይላትም። ስልኩ ተዘጋ። ቶሎ ብላ የአባቷን ቁጥር ደወለች። ያቺ የተለመደችው ሴትዮ በተረጋጋ ድምፅ ማግኘት እንደማይቻል ነገረቻት። እንደገና ደወለች። ሴትዮዋ ያንኑ ደገመችላት።

«ባለመኪናው!» አሉ እማማ ወርቅዬ ድንገት። «ወጋየሁ! እሱ ያገር ሹፌር ሁሉ ያውቃል፣ ያፈላልግልናል። ደውይለት!»

«ቁጥሩ የለኝም እማማዬ። ያለው አባዬ ስልክ ላይ ነው።»

«ቤቱን አውቀዋለሁ። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ለልጁ ክርስትና እንግዳ ወስዶኛል። አብረን እንሄዳለን፣ ታክሲውን አንቺ ትይዥልኛለሽ። የትኛው የት እንደሚጭን እኔ ምኑን አውቄው!»

ይህን ብለው ግን አልወጡም። መልሰው አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ።

«ልጄ ጠርቶኛል እኮ። እኔን አፈር ያልብሰኝ! እጄን አጣጥፌ፣ ስልኩ ሲጮህ እያየሁ ዝም አልኩት። ‹አይ ይቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ› እያልኩ። ካርድ ልቆጥብ! ልጄ በረሃ ላይ ሲነድ እኔ ካርድ ልቆጥብ!»

«እማማዬ፣ ተይ…»

«አንቺማ በወጉ አስተምረሽኛል፣ የኔ እናት። ያንቺ ጥፋት የለበትም። ሦስቴ ሲደጋግም ሌላ ሰው ነው ብሎ ማሰብ የኔ ድርሻ ነበር። ደንቆሮ ነኛ! ድሮስ እኔን ብሎ ባለ ስልክ!»

ምስጢር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የሚያስፈልገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። አያቷ ጥፋቱን ራሳቸው ወስደውታል፣ ማንም አልጠየቃትም። አሁን ጊዜው አይደለም ብላ አሰበች። አባዬ ይገኝ፣ ይዳን፤ ያኔ እነግራታለሁ። ደግሞስ አሁን ብትነግራቸው ምን ሊጠቅም? ጨርሶ ይገድላቸው ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ይመስል ነበር።

እማማ ወርቅዬ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው መቱት። ደገሙት። ያልተፈቀደለትን ነገር እንደነካ ሕፃን እጅ፣ ጠንከር አድርገው።

«ካርድ አይበላም» አለች ምስጢር።

«ምን?»

«ብታነሺው ያንቺን ካርድ አይበላም። የሚቆርጠው የደወለውን ሰው ነው። ዋሽቼሽ ነው እማማዬ።»

እማማ ወርቅዬ የተነሣው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ለምን?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእርግጥ መልሱን ማወቅ ፈልገው ነው።

«ክፍል ውስጥ ድምፅሽን ሰምተው… ሳቁብኝ። ስለ ሆዴ የጠየቅሽኝን ቀን። እንዳታነሺው ብዬ ነው። አባዬ ቀን ይደውላል ብዬ መች አሰብኩ…»

ስድቡን ጠበቀች። ጥፊም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን፣ ዋይታም ቢሆን ትቀበለው ነበር። ውጭ ቆራሌው እየጮኸ አለፈ፤ ድምፁ ራቀ፣ ጠፋም። እማማ ወርቅዬ የልጅ ልጃቸውን ፊት፣ ዩኒፎርሟን፣ ከትከሻዋ ያላወረደችውን ቦርሳ አዩ። እንባቸው ደርቆ ነበር።

ከዚያ ተነሡ። በአንድ እጃቸው የአልጋውን ራስጌ ይዘው፣ ቀስ ብለው። ነጠላቸውን ከምስማሩ አውርደው ተከናነቡ፤ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አጠለቁ።

«ቆይ እማማዬ፣ አብረን እንሂድ። ታክሲውን ልያዝልሽ።»

እማማ ወርቅዬ ፊቷ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ። ምስጢር በመጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቁልፎቹን አዩ፤ አረንጓዴው ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ሳይጫኑ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው ስልኩን ጫፉ ላይ ቋጠሩት፣ መልሰውም አጥብቀው ታጠቁ።

«እማማዬ?» አለች ምስጢር።

እሳቸው በጎኗ አለፉ፤ የቆርቆሮውን በር ከፈቱና ብቻቸውን ወጡ።