ሁለት ሰባተኛ

የቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቼ አሥራ አንድ ነበሩ። ስድስተኛ ክፍል ደርሰው ክፍልፋይ ያልገባቸው፣ ርዕሰ መምህሩ «እባክሽ ሳሌም፣ እነዚህን አንድ በያቸው» ብሎ ማጠናከሪያ እንዳስተምራቸው የሰጠኝ ልጆች ናቸው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሞላሌ ከመጣሁ ገና አራተኛ ወር መያዜ ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ የመንዝን ሳላውቅ። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ ሞልቼ አስገብቻለሁ።

ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። አንድ ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ብዬ ስጽፍላቸው ግን የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ይደምሩና ሁለት ሰባተኛ ይሉኛል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ። ዳቦ ሥዬ ለሁለት ከፈልኩ። ጌታነሽ የምትባለው ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ትልቁ ግማሽ የአባወራው ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ግማሽ ከግማሽ አይበልጥም ብላት፣ እነሱ ቤት እንደዚያ ተቆርሶ እንደማያውቅ በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ደብተሯን በቀይ እስክሪብቶ ሞላሁት፤ እያለቀሰች ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታላቅ ወንድሟ መጣ። መኳንንት ይባላል፤ ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ኮቱ ላይ ብናኝ ጠጉር ተለጥፎበት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ለጠብ የመጣ መሰለኝ።

«እርስዎን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት» አለኝ። «ምኑ እንዳስቸገራት አይቼ ልሂድ ብዬ ነው።»

ግባ አልኩት። ኋላ ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም እስካይቀረው ተጣጥፎ ተቀመጠ። ያንኑ ሒሳብ ጻፍኩ። «ሁለት ሰባተኛ!» አሉ አሥራ አንዱም። መኳንንት እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ ይኼ አንድ ሦስተኛ የሚሉት ሲሶ አይደለም?»

«ነው።»

«አንድ አራተኛውስ እርቦ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ልጆቹ ዞረና የስድስት ቁና ገብስ ሲሶው ስንት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሁለት አሉ፣ ሳያስቡ። የሰባቱስ ሲላቸው ከሁለት ይበልጣል አሉ።

«እንግዲያስ ሲሶ ደረሳችሁ፣ እርቦ ተጨመረላችሁ፣ ሁሉም ተደምሮ ከሰባቱ ቁና ሁለት ብቻ ሆነ። ከሲሶው አነሰ ማለት ነው። ምን ይባላል ይኼ?»

ጌታነሽ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ተሰርቀናል» አለች።

እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅሁት። አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሲሶና እርቦ የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩም ነበር። ልጆቹ ክፍልፋይን ከእኔ በፊት ከአውድማ ያውቁታል፤ ያላወቁት እኔ የምጠራበትን ስም ነው።

በሳምንቱ መኳንንት ጠቅልሎ የያዘውን ባና ሰሌዳው ላይ ሰቀለልኝ። አሥራ ሁለት መስመር ነበረው፤ አራት ነጭ፣ ሦስት ግራጫ፣ የቀረው አምስት ጥቁር። ለምን አሥራ ሁለት እንዳደረገው ጠየቅሁት። በሰባት ቢሞክር ሲሶው አልወጣ አለው፤ በስምንት እርቦው ቢወጣም ሲሶው እምቢ አለ፤ አሥራ ሁለት ላይ ሁለቱም ታረቁለት። የጋራ ታህት የምንለውን እሱ ከመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ብቻውን አግኝቶታል። ልጆቹ ነጩንና ግራጫውን አብረው ቆጠሩ። ሰባት አሥራ ሁለተኛ! ያን ቀን ማንም አላለቀሰም፤ እኔ ትንሽ ዓይኔን ጠረግሁ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጣ። ባናውን ለመስቀል ነው ይላል፤ ምስማሩን ግን ልጆቹም ይደርሱበታል። «እርስዎ» የሚለኝ «አንቺ» የሆነው መቼ እንደሆነ ዛሬም ስንከራከርበት እንኖራለን። አንድ ቀን ጌታነሽ ጠጋ ብላ «ወንድሜ መደመሩን ካወቀው ቆይቷል፤ አሁን ለምንድን ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ማጥፋት ጀመርኩ።

ግንቦት ላይ ዝውውሬ መጣ። ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት አጠገብ። ማመልከቻውን ማስገባቴን እንኳ ረስቼው ነበር። የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆመን ነገርኩት። ደብዳቤውን አነበበው፤ አጥፎ መለሰልኝ። እናቴ ብቻዋን መሆኗን፣ ስትጠብቀኝ መክረሟን እየደጋገምኩ አወራሁ።

«ቅዳሜና እሁድ እመጣለሁ» አልኩ በመጨረሻ።

«ከሰባት ቀን ሁለት?»

«ሁለት።»

«ሳሌም፣ ይኼንን መልስ እኮ ዓመቱን ሙሉ ስህተት ነው ስትዪን ነው የከረምሽው።»

ልስቅ ብዬ እንባዬ ቀደመኝ።

«ቅሪ አልልሽም፤ እናት አሉሽ» አለ። «ልሂድ ካልሽ ዕቃዬን ጭኜ እከተልሻለሁ፤ እዚያም ሰው ይበርደዋል፣ ባና ይለብሳል። በሁለት ሰባተኛ ግን አልስማማም።»

ሰው ስለ እኔ ብሎ አገሩን ልልቀቅ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሌሊቱን ሳልተኛ አላደርኩም፤ እንዲያውም ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ልቤ ቀድሞ ወስኖ ነበር። ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ደብዳቤውን መለስኩ። እሱም ጊዜ ሳያጠፋ የከርሞዎቹን የቅዳሜ ተማሪዎች ስም ዝርዝር አስያዘኝ፤ አሥራ አራት ናቸው። ከአሥራ አንዱ አሥሩ የማጠናከሪያውን ፈተና አልፈዋል። አንደኛው ዛሬም ሁለት ሰባተኛ ይላል፤ ለእሱ ብዬ መቅረቴም አይከፋኝም።

እናቴ እስከ መስከረም አኮረፈችኝ። ጥር ላይ ለሠርጉ መጥታ ሁለት ሳምንት ሰነበተች፤ አሁን በየክረምቱ መጥታ ትከርማለች፣ ስትሄድም ከእኔ ይልቅ አማቿን ነው የምትሰናበተው።

ያ አሥራ ሁለት መስመር ባና አልጋችን ላይ ነው። ብርዱ ሲበረታ መኳንንት ሰባቱን መስመር ወደ ራሱ ስቦ አምስቱን ለእኔ ይተዋል። ጠዋት ቆጥሬ ስወቅሰው፣ ትልቁ ግማሽ የአባወራው ነው ይለኛል።

«ተሰርቄያለሁ» እለዋለሁ።

ያን ጊዜ ጠጋ በይ ይለኛል። ጠጋ እላለሁ፤ ስጠጋው አሥራ ሁለቱም ለሁለታችን ይበቃሉ።