ከአንኮበር ገበያ የተገዛው መዝጊያ

ይህ ተረት አይደለም።

ተረት ቢሆን ጅብ ወይ ጦጣ ይኖርበት ነበር። እዚህ ውስጥ ያለው አንድ መዝጊያ ነው።

የሆነው አንኮበር ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ በተዛወረ ሰሞን። ሰዓቱም ሌሊት አልነበረም። ሌሊትማ ሰው አማትቦ፣ ተጠንቅቆ ነው የሚተኛው። ነገሩ የጀመረው በጠራራ ቀትር ነው... ጥላ እግር ስር በሚገባበት ሰዓት።

ያወሩትም ከራሷ ከበሰለች አፍ የሰሙ ሰዎች ናቸው። የማያምን አይመን፤ እሷም እንዲያምኗት አለመነችም።

በሰለች ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ነበረች። አንድ ልጅ አለቻት፤ ወለተሐና። የወተት ጥርሷ ገና መውለቅ የጀመረ ልጅ ናት። ግን እናቷ ዘንድ አልነበረችም። አባቷ እንደሞተ ታላቅ ወንድሙ ጣሰው «የወንድሜ ደም ሜዳ ላይ አይወድቅም» ብሎ ወደ ጫጫ ወስዷታል።

በሰለች ሽማግሌ ሰደደች። ሽማግሌዎቹ ሰሙ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያ ፈረዱ፦

«መዝጊያ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። እስከ ኅዳር ሚካኤል ደጅ ያለው ቤት ካቆመች ልጇን ትውሰድ። አለዚያ ልጅቷ ጣሰው ቃል ለገባለት ለደነባው ሰው ልጅ ትታጭ።»

በሰለች ጎጆዋን አቆመች። ክዳኑ ተከደነ፣ ግድግዳው ተመረገ። በመዝጊያ ፈንታ ግን ያረጀ ቁርበት ነበር የተንጠለጠለው። ነፋስ ሲመጣ ቁርበቱ ይነሣና በሰለችና የጎረቤት ዶሮ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ደግሞ ባዶ ጎጆ አልፈለገችም። ልጇ ስትገባ ዞር ዞር ብላ «ያምራል» እንድትል ነበር ምኞቷ።

ስለዚህ ገበያ ወጣች።

በዚያ ሰሞን የአንኮበር ገበያ ጉድ ነበር። መኳንንቱ ወደ እንጦጦ ሲጓዙ በቅሎ አልችል ያለው ዕቃ ሁሉ ወጥቷል። እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ ክዳኑ የጠፋ መሶብ፣ ጌታው የጠፋ ጋሻ። በሰለች አሮጌ ዕቃ ትወዳለች። ታነሣለች፣ ትገለብጣለች፣ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ ታደርጋለች፣ ታስቀምጣለች።

ከገበያው ዳር፣ ከአንድ ጽድ ስር፣ አንድ ነጋዴ ብቻውን ተቀምጧል። ወልደተንሣኤ ይሉታል። ከፊቱ ከተጠረበ እንጨት የተሠራ ዱካ መቀመጫ፣ ቀይ የግምጃ መጋረጃ፣ ደግሞም አንድ ትልቅ የጽድ መዝጊያ ነበር።

መዝጊያው በደረቱ ተደፍቷል። በላዩ የወፍጮ መጅ... አይደለም፣ ራሱን ወፍጮውን የሚያህል ድንጋይ ተጭኖበታል።

«ድንጋዩ ምንድነው?» አለች በሰለች።

«ነፋስ እንዳይወስደው።»

ጎረምሳ ብቻውን የማያነሣው መዝጊያ ነው።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ሦስቱም ከአንድ ቤት።»

«ባለቤቷስ?»

ወልደተንሣኤ ከንፈሩን ላሰ።

«ቤቷ ናት።»

«ቤቷ ካለች ደጇን ነቅላችሁ እንዴት ትሸጣላችሁ?»

ሰውየው ግራና ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወደድሽው?»

«ወደድኩት።»

«እንግዲያው ሦስቱንም ውሰጂ። ያለሽን ስጪኝ።»

የፈተለችውን ልቃቂት ሰጠችው። ሳያየው ተቀበለ። ይሄኔ መጠርጠር ነበረባት፤ አንኮበር ገበያ ሳይከራከር የሸጠ ነጋዴ ከዚያ በፊት አልታየም፣ ከዚያም በኋላ አልታየም።

ተሸካሚዎች ጠርቶ መዝጊያውን አብሯቸው ሲያነሣ እጁን በጋቢው ጠቀለለ።

«ብርድ ነው» አለ።

ግንባሩ በላብ ተጠምቆ ነበር።

ተሸካሚዎቹ መዝጊያውን መቃኑ ላይ ገጥመውላት ሄዱ። ልክክ አለ። ሳይቆረጥ፣ ሳይሸረፍ... ለዚያ ቤት እንደተለካ።

በሰለች ደስታዋን አልቻለችውም። ወዲያው መንገደኛ ፈልጋ ወደ ጫጫ ላከች። «መዝጊያዬን ተክያለሁ። ልጄን አምጡልኝ በልልኝ።»

ከዚያ አንድ ነገር ጎደላት።

መቼም አዲስ ቤት የገባ ሰው ደንቡ ይታወቃል። እንግዳ ይመጣል፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል። ባለቤትም ከውስጥ «እንቦሳ እሰሩ!» ብላ ትመልሳለች። ይህ ካልተባለ ቤቱ አልተመረቀም።

በሰለች እስከ ቀትር ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ጎረቤቷ እናናየሁ እንኳ ገበያ ናት።

«ራሴ ብለውስ?» አለች።

ወጣች። መዝጊያውን ከኋላዋ ዘጋች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ እንግዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሐሳቧ «ቤት ለእንቦሳ» ካለች በኋላ ሮጣ ገብታ ለራሷ መመለስ ነበር።

መዝጊያውን ከፈተች።

«ቤት ለእንቦሳ!»

«እንቦሳ እሰሩ!»

...ከውስጥ ነው።

የሴት ድምፅ ነበር። የሚያስፈራ ድምፅ አይደለም። እንግዳ ደስ ያሰኛት ባለቤት ድምፅ ነው።

በሰለች እግሯ መድረኩ ላይ ቀረ።

«እናናየሁ? አንቺ ነሽ?»



ገባች። ጎጆ ምን ያህል ነው? አንዴ ዞር ብለው ያዩታል። ማንም የለም። የተሰቀለው ቀይ መጋረጃ ብቻ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል... ሰው አሁን እንዳለፈበት።

«ጆሮዬ ነው» አለች። ሰው መቼም ሲፈራ ጆሮውን ነው የሚያማው።

በማግስቱ ጧት ስትነሣ ዱካው ቦታውን ለቋል። ደጃፍ አጠገብ ያስቀመጠችው ምድጃው ዳር ሆኗል። መልሳ አመጣችው። ጥጥ ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ እንደገና ምድጃው ዳር ነው። መጋረጃውም ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውሯል።

እውነት ለመናገር እንዲያ ሲሆን ያምር ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናናየሁ ብቅ ብላ «ውይ! መኳንንት ያሳደገሽ ትመስያለሽ» አለቻት። ከዚያ አኮረፈች። «ትናንት ግን ምን በድዬሽ ነው?»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ደጅሽ ቆሜ ‹በሰለች!› ብዬ ብጣራ... ‹በሰለች የለችም› ትይኛለሽ? እሳት ልጫር ነው እንጂ ቤትሽን ልወርስ አልመጣሁ!»

«መቼ?»

«በቀትር ነዋ።»

በሰለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ነበር።

ያን ቀን መዝጊያውን ልትነቅለው እጇን ሰደደች። ሰደደችና... መለሰች። ኅዳር ሚካኤል ደርሷል። መዝጊያው ከሌለ ልጇ የለችም።

ሲብስባት ነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። አባ ገብረ ጻድቅ ደጀ ሰላሙ ጥግ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሁሉን ነገረቻቸው።

«ቤት ለእንቦሳ ያለው ማነው?» አሉ።

«እኔ።»

«በገዛ ቤትሽ?»

«የሚለኝ ሰው ስላልመጣ ነው፣ አባ።»

«እንቦሳ እሰሩ ያለውስ?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

አባ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ልጄ... እንቦሳ እሰሩ የሚለው እኮ ባለቤት ነው። እንግዳዋ ማን ሆነች እንግዲህ?»

«መዝጊያ ከሌለኝ ልጄን ያጩብኛል፣ አባ።»

«ዛሬውኑ ንቀዪው። አቃጥዪው። ልጅቷ በዚያ ደጅ ሳትገባ።»

ጠበል በቅል ሰጧት። ሲሰጧት አላዩዋትም።

በሰለች በመንገድ ሳለች ልቧ ቆረጠ። እነቅለዋለሁ። ቁርበቱን እመልሳለሁ። የሽማግሌዎቹን እግር ስሜ እለምናለሁ።

ጉም ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ገና ሳይመሽ የመሸ ይመስላል። በጉሙ ውስጥ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

ጣሰው ነው። ብቻውን።

«አንቺ!» አለ ልጓሙን ይዞ። «በየት በኩል ቀደምሽኝ?»

«ጋሼ ጣሰው... ወለተሐና የታለች?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? አሁን አይደል ያስረከብኩሽ?»

ወደ በቅሎዪቱ ተጠጋች።

«ለማን?»

«ለአንቺ ነዋ! ምን ነክቶሻል?»

«ፊቴን አዩት?»

ጣሰው አሰብ አደረገ።

«ቤትሽ ጨለማ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሆነሽ ‹ልጄን ስጡኝ፣ ጠላው እዚያ አለ፣ ቀድተው ይጠጡ› አልሽኝ። ጠላሽ ግሩም ነው። ወንድሜ በሕይወት ሳለ እንዲህ ጠምቀሽ አታውቂም።»

በሰለች በዚያ ቤት ጠላ አልጠመቀችም።

«ልጅቷስ... ምን አለች?»

«መጀመሪያ እጀ ጠባቤን ይዛ አልለቅም አለች። ኋላ በስሟ ስትጠሪያት ሄደች።»

«አብረውኝ ይመለሱ። በእመቤቴ!»

ጣሰው ጉሙን አየ። በቅሎዪቱን አየ። በሰለችን ከእግር እስከ ራሷ አየ... ከዚያ አማተበ።

«ጎረቤላ መንደር የሚጠብቀኝ ሰው አለ» አለ።

በቅሎዪቱ ከዚያ በፊት እንዲያ ሮጣ አታውቅም ይባላል።

በሰለች ሮጠች። ስትደርስ ከክዳኑ ጭስ ይወጣል። ከውስጥ የልጅ ሳቅ ይሰማል። የወለተሐና ሳቅ ነው፤ እናት አትስተውም።

መዝጊያውን ገፋች። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ወለተሐና!»

ሳቁ ቆመ።

«እማዬ...» አለች ልጅቷ፣ ወደ ውስጥ። «ደጅ ሰው አለ።»

«ማን እንደሆኑ ጠይቂያቸው፣ ልጄ።»

ትንንሽ እግሮች ወደ መዝጊያው መጡ።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ! እናትሽ ነኝ! ክፈቺልኝ!»

ሹክሹክታ።

«እማዬ... ‹እናትሽ ነኝ› ይላሉ።»

ከውስጥ ለስለስ ያለ ሳቅ።

«የመንገድ ሰው ብዙ ይላል።»

በሰለች ጠበሉን በመዝጊያው ላይ ደፋችው። ውሃው በሳንቃው ወርዶ፣ መድረኩ ጋ ደርሶ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። በድንጋይ መታችው። ድንጋዩ ተሰበረ። በትከሻዋ ገፋችው። ጮኸች። እናናየሁ ቤቷ ውስጥ ሆና ጩኸቱን ሰምታለች፤ ግን አልወጣችም። «በጉም የሚጮኽ ሁሉ ሰው አይደለም» አለች ኋላ ስትጠየቅ።

ድምፅዋ ሲያልቅ በሰለች ግንባሯን መዝጊያው ላይ አሳረፈች።

አንድ ቃል ብቻ እንደቀራት ገባት። ካልተናገረችው ልጇን አታይም። ከተናገረችውም ምን እንደምትሆን ታውቃለች።

«የመሸብኝ... የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለች። «አሳድሩኝ።»

መቀርቀሪያው ወዲያው ተነሣ።

ወለተሐና ከፈተች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ጸጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ ቅቤ ተቀብቷል። ሰውን እንደምታከብር ልጅ እጅ ነሣች።

«ይግቡ፣ እሜቴ።»

ዓይኗ የእንግዳ ዓይን ነበር። አይጠላም። አያውቅም።

ከደጃፉ አጠገብ ቁርበት አነጠፈችላት። ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አመጣች። ተንበረከከችና የበሰለችን እግር ይዛ ታጥብ ጀመር።

በሰለች ትንሿን እጅ ጭብጥ አደረገች።

«ልጄ... እይኝ... እኔ ነኝ። ነይ እንውጣ።»

ልጅቷ ወደ መጋረጃው ዞረች።

«እማዬ፣ እንግዳዋ ያለቅሳሉ።»

«ደክሟቸው ነው፣ ልጄ» አለ ድምፁ። «ሲነጋ ይሄዳሉ። እጠቢያቸው።»

ልጅቷ ውሃውን በእፍኟ እየቀዳች አፈሰሰች። አሸች። እንደገና አፈሰሰች።

በሰለች ቁልቁል አየች። የመንገዱ ጭቃ እግሯ ላይ እንዳለ ነው። ደርቋል። አንድ ጠብታ እንኳ አልነካውም።

ወለተሐና ግን ታጥባለች።

ከቀዩ መጋረጃ ስር ሁለት ባዶ እግሮች ይታያሉ... ንጹሕ፣ ከቁርጭምጭሚታቸው ውሃ የሚንጠባጠብ።